ወደ ጸበሉ የሚያወርደው ቀስት

ውሸት ነው በሚለኝ አልፈርድም። እኔ ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ቦታው ከጉንደ ወይን ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሰዓቱ ቀትር... ልክ ስድስት ሰዓት።

እናቴ ደብረ ማርቆስ ታማ፣ ራሷን ስታ ተኝታለች። ሐኪሙ በጸሎት በርቱ ካለን ወዲያ፣ እህቴን ጥሩነሽን አጠገቧ ትቼ ጸበል ፍለጋ ወጣሁ።

የከተማዋ ወጣቶች ያለ አስጎብኚ ለሚመጣ እንግዳ መንገዱን ቀስት በተሳለበት ታፔላ አበጅተውታል። የድሮው ገበያ፣ የደጃዝማቹ ግንብ፣ ዳኞች ይቀመጡበት የነበረው ዋርካ... መጨረሻው ጸበሉ። ባለሱቋ ከሪማ የጸበል መያዣ ሃይላንድ ስትሸጥልኝ፣ ቀስቱን ከተከተልክ ዓይንህን ጨፍነህም ትደርሳለህ ብላ ቀለደችብኝ። ወዲያው ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በቀትር ባትወርድ ይሻልሃል አለችኝ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ወረድኩ።

ዋርካውን ሳልፍ የወፍ ድምፅ ጠፋ።

መጨረሻው ታፔላ ሥር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ቄስ ተቀምጠዋል። ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጋቢ። ልሳለም ጎንበስ አልኩ...

መስቀል አላወጡም።

«ጸበሉ ለማን ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ለእናቴ፣ አባ። ለየኔአለም።»

«በዓለም ስም አይጸለይም። የክርስትናዋን።»

የክርስትና ስም ለንስሐ አባት እንጂ ለመንገደኛ አይሰጥም። ስሙን የያዘ ነፍሱን ይይዛል ሲባል ነው ያደግነው። ግን ቄስ ናቸው... ጸሎት ነው... እናቴ ደግሞ እየሞተችብኝ ነው።

«ወለተ ሚካኤል» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው፣ ጎረቤት እንደሚጠራ ጠሯት።

«ወለተ ሚካኤል...»

ከታች፣ ጭቃ ከከበበው ምንጭ...

«አቤት።»

የእናቴ ድምፅ ነው።

ስልኬ ጮኸ። ጥሩነሽ ናት። እማ ዓይኗን ገለጠች፣ «አቤት» አለች፣ ብላ በደስታ ታለቅሳለች።

«ጥሩዬ... ሁለተኛ አቤት እንዳትል። አፏን ያዢ።»

«ምን ሆነሃል አንተ?»

ሰውዬው ደግሞ ጠራት።

«መጣሁ» አለች እናቴ። በስልኩም፣ ከምንጩም... እኩል።

እግሩ ላይ ወደቅኩ። የእኔን የክርስትና ስም ልንገርህ፣ እኔን ጥራኝ፣ እሷን ተዋት ብዬ ለመንኩት። ቀና ብሎም አላየኝ።

ሦስተኛ ጠራት።

ስልኩ ውስጥ ጸጥ አለ።

«ጥሩዬ... እማ አለች?»

«አለች። እጇን ይዣታለሁ። ከአልጋዋም አልወረደችም...»

«እሺ...»

«ግን እግሯ ጭቃ ሆኗል።»

«ምን ጭቃ?»

«ወንድሜ... ጭቃው ጉልበቷ ደረሰ።»