የጀብሪል ጋቢ

ጀብሪል እንጨት እያሽከረከረ በሚቀርጽበት ቶርኖው ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ጋቢው አንገቱን አንቆ፣ ማሽኑ ላይ በታሰረው ጥቁር እንጨት ላይ ተጠምጥሟል። ሼኹ ዚክር የሚቆጥሩበትን ሙስበሃም ሆነ የደብተራውን የመቋሚያ ራስ ዞጲ ከሚባለው የቆላ ጥቁር እንጨት የሚቀርጽ እሱ ነበር። የመካነ ሰላም ጎረቤት ግን ሳያለቅስ ፈርዷል፤ «ጋቢውን ያለበሰችው ሚስቱ ናት፤ እሷ ገደለችው!»

ኢንስፔክተር ሐረግ በደጁ የተኮለኮለውን ሰው ገላምጣ ገባች።

«በርዶት ነበር» አለች ሚስቱ ፊርደውስ፣ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ። «ጋቢውን ጣል አድርጌለት ወፍጮ ቤት ሄድኩ። እኔው ነኝ የገደልኩት።»

«ማሽኑ ጋቢውን ሲይዘው አይተሻል?»

«ያየው አቶ በፍቃዱ ነው።»

ዞጲ አምጪው ነጋዴ በፍቃዱ ሽቶው ቤቱን ሞልቶታል። «በዓይኔ በብረቱ! ማሽኑ እየዞረ ጋቢውን ላፍ ሲያደርገው አየሁ። ሮጬ አጠፋሁት፣ አልደረስኩም። የሴት ነገር!»

«እርስዎማ ጀግና ነዎት» አለች ሐረግ፣ ፊቱን እንኳ ሳታይ። ወደ ሟቹ የሥራ ባልደረባ ዞረች። «እንዳልካቸው፣ ተጣልታችሁ ነበር አሉ?»

«ሳንጣላ የዋልንበት ቀን የለም። ትናንት ግን የተናደደው በእኔ አልነበረም። ሙስበሃው እጅ ያጠቁራል የሚል ስሞታ መጥቶበት፣ ‹ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንዱን ቀጣፊ አዋርደዋለሁ› ሲል ነበር። ደግሞ ጋቢውን ምስማር ላይ ሳይሰቅል ማሽን አያስነሳም።»

ሐረግ ጋቢውን ጎንበስ ብላ አየችና ሁሉንም ወደ ቶርኖው ጠራች። ባልዲ ውኃም አስመጣች።

«ይህ ማሽን ወዴት ነው የሚዞረው?»

«ከላይ ወደ ሠሪው፣ ወደ ደረታችን ነዋ» አለ እንዳልካቸው። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ ጋቢ በተቃራኒው ነው የተጠመጠመው!»

«ማሽኑ ቢይዘው በሚዞርበት በኩል ይጠመጥመው ነበር። ይህን የጠመጠመው የሰው እጅ ነው፤ ያውም ከማዶ፣ ደንበኛ በሚቆምበት በኩል የቆመ ሰው። አቶ በፍቃዱ፣ በዓይንዎ ያዩት እንዲህ ሲዞር ነው?»

«እኔ... ደንግጬ ስለነበር...»

ሐረግ በፍቃዱ ካመጣው እንጨት አንድ ቁራጭ አንስታ ባልዲው ውስጥ ጣለች። እንጨቱ ተንሳፈፈ፤ ውኃው ጠቆረ።

«ዞጲ እንደ ድንጋይ ይሰጥማል። ይህ ቀለም የተነከረ ተራ ግንድ ነው። ጀብሪል ዛሬ የሚያዋርደው አንተን ነበር። ጋቢውን ከምስማሩ አውርደህ አነቅከው፤ ከዚያ ጥፋቱን በሚስቱ ላይ ጣልክ። አንተ እኮ ውሸት እንኳ አጥርተህ አትሠራም!»

«እርስዎ» ስትለው የቆየችው ሴት «አንተ» ስትለው ደጁ ድረስ ተሰማ። በፍቃዱ እጁ ሲታሰር አንገቱን ደፋ።

«‹እሷ ናት› ያላችሁ» አለች ሐረግ ወደ ደጁ ዞራ፣ «አሁን ግቡና ፊቷ ላይ ድገሙት።»

ሁሉም የጫማውን ጫፍ ያይ ጀመር።

«እኔ አይደለሁማ?» አለች ፊርደውስ።

«አይደለሽም፣ እህቴ።»

ያን ጊዜ ገና ለባሏ አለቀሰች።