ተከፍቶ የቀረ መስመር

ከጣት ጥፍር በማትበልጥ ቁልፍ የልጅ ልጄ ትዳር ሊቀር ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሬዲዮ ጣቢያ የከሰዓቱን ፕሮግራም ታቀርባለች። ስትወጣ መንገዱ ጭር ስለሚል ልቤ አያርፍም፤ በየቀኑ ሄጄ ይዣት እመለሳለሁ። «ሕፃን መሰልኩሽ እንዴ?» እያለች ትቆጣኛለች። ትቆጣ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

ኮሪደር ላይ ቆሜ ያየኝ ቴክኒሻኑ ነው፤ አዲሱን መሣሪያ ሊዘረጋ የተቀጠረ፣ ንግግር የሚቆጥብ ልጅ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ከጎኑ ወንበር ሰጠኝ። በመስታወቱ ማዶ እሷ ትታያለች። ሙዚቃ ባስገባች ቁጥር ቀና ትላለች፤ እሱ ቀና ሲል ደግሞ ወረቀቷ ላይ ታቀረቅራለች። ወንበሩ ለእኔ፣ ዐይኑ ለእሷ እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

በኋላ ለመጋባት መነጋገራቸውን ነገሩኝ። ጣቢያው ግን ባልና ሚስት ወይም እጮኛሞች አንድ ላይ አይሠሩም የሚል ደንብ አለው። ስለዚህ ደበቁት። መደበቁን ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም።

በሁለቱ ክፍሎች መነጋገሪያ ሣጥኖች አሉ፤ በኔትወርክ የተያያዙ፣ መብራታቸው የማያልቅ። ዝም ብዬ ማየት ስለማልችል እጠይቀዋለሁ።

«አረንጓዴው ብልጭ ድርግም ሲል ሰው እየጠራዎት ነው፣ እማማ። ቀዩ ረግቶ ሲበራ ድምፅዎ ወዲያኛው ክፍል እየሄደ ነው።»

«ከኋላ የሚርገበገበውስ?»

«እሱ ሽቦው ደኅና መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው። ቁልፉን ይዘው ከተናገሩ፣ ሲለቁት ይዘጋል። ነካ አድርገው ከተዉት ግን ተከፍቶ ይቀራል። የልጅ ልጅዎ ይህን አንድ ነገር አልሰማ ብላኛለች።»

እውነቱን ነው። ነገሩ የተበላሸ ዕለት ውሃ እንዲያመጣላት ቁልፉን ነካ አድርጋ ጠየቀችው። ከዚያ ወረቀቷን ሣጥኑ ላይ ጣለችበት፤ ቀዩ መብራት ከሥር ቀረ። ውሃውን ሰጥቷት ተመልሶ ሳይቀመጥ ዜና አንባቢዋ እሷ ዘንድ ገባች። የሥራ አስኪያጁ እህት ናት፤ ሁሉም ከኋላዋ «ምላጭ» ይሏታል። ድምፅዋ እኛ ክፍል ካለው ማጉያ ወጣ።

«ያ ሽቦ ጎታች ዛሬም ዐይኑን ተክሎብሻል።»

«የማንን ዐይን ልቆጣጠር?»

«ልታገቢው ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«እሱን? ወንድ የጠፋ ዕለት።»

ልጁ እጁን ዘርግቶ ድምፁን ጭራሽ ዘጋው። መስመሩን አልዘጋውም፤ ድምፁን ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል አይደል፣ እማማ?» አለኝ። ክፍሉ ይሞቅ ነበር።

እቤት ደርሰን በሩን እንደዘጋሁ ለቀቅኩባት።

«ምን በደለሽ? ደብቂው ተባልሽ እንጂ አዋርጅው ተባልሽ?»

ነገሩ ሲገባት ፊቷ አመድ መሰለ። «ሰማኝ?»

«እኔም ሰምቻለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ያልኩትንስ?»

«ድምፁን ዘጋው።»

አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ለካ ምላጭ አልተወቻትም፤ መሳቋን፣ ልጁን ማጣጣሏን ቀጠለች። የእኔዋም መጨረሻ ላይ፣ «ዋሽቼሻለሁ። እሱን ካላገባሁ ማንንም አላገባም፤ ሂጂና ለወንድምሽ ንገሪው» ብላታለች። የሚሰማው ሰው በጠፋበት ሰዓት።

ስልኩ ላይ ደወለች፤ ዘግቶታል። ደጋግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

በነጋታው ይዣት ሄድኩ። አልቆ ነበር። ልጁ ጠዋት ገብቶ፣ ተራራው ላይ ወዳለው ማሰራጫ ጣቢያ አዛውሩኝ ብሏል። በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ቦታ ነው። ሥራ አስኪያጁም በእህቱ በኩል ሁሉን ሰምቶ ስለነበር ወዲያው ፈረመለት።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ዕቃውን ሲሰበስብ አገኘነው።

«ነካ አድርገሽ ከተውሽው ተከፍቶ ይቀራል ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ?» አላት፣ ሳያያት።

«አንተስ? እየሰማሁሽ ነው ለማለት አንድ ቁልፍ መጫን አቃተህ?»

«ምን ልጨምር? ወንድ የጠፋ ዕለት አልሽ።»

«ጆሮህን ባትደፍን ኖሮ ቀሪውን ትሰማ ነበር።» ቀሪውን ነገረችው፤ በንዴት፣ ቃል በቃል፣ እንደ ስድብ።

የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። «ይህን መቼ ነው ያልሽው?»

«አንተ ለአያቴ ስለ ብርድ ስታወራላት።»

እኔም ዝም አላልኩም። «የያንዳንዱን መብራት ትርጉም ለእኔ ለአሮጊቷ ታስረዳለህ፤ ሴት ልጅ ስትናገር ግን እስክትጨርስ አትጠብቅም። ወንበር ስለሰጠኸኝ የምምርህ እንዳይመስልህ።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሮጦ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደ። ማመልከቻውን ልሳብ ብሎ ለመነ፤ ሰውየው ወይ አንተ ወይ እሷ ብሎ አሰናበተው። ሲመለስ ዐይኑ ቀልቷል።

«አልመለሰልኝም። በገዛ እጄ ነው» አላት።

ቦርሳውን ከእጁ ተቀብላ ወንበሬ ላይ አስቀመጠችው።

«ትሄዳለህ» አለችው። «ተናደህ ግን አትሄድም። አግብተኸኝ ነው የምትሄደው።»

እንዲሁም ሆነ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከተራራው ይወርዳል። አውቶቡሱ ሲዘገይ ሹፌሩን፣ መንገዱንና ያን ሥራ አስኪያጅ ተራ በተራ እረግማለሁ። ደርሶ ጫማውን ሳያወልቅ ጭቅጭቅ ይጀምራሉ፤ ለምን አልደወልክም፣ ለምን አላነሳሽም። ያን ጊዜ ክፍሌ ገብቼ በሰላም ጋደም እላለሁ። የምሰጋው ድምፃቸው ሲጠፋ ነው፤ ያኔ ተነስቼ በራቸውን አንኳኳለሁ።