የኬኩ ቀን

ሰውየው ጓንቱን አላወለቀም።

ሪኬ ይህን ያስተዋለችው ከፊቷ ቆሞ ባዶ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ለማሽኑ ሲያጎርስ ነው። አማገር ሰፈር ያለው ሱፐርማርኬት በሩ አጠገብ ይህ ማሽን አለው። ጠርሙስ ይውጣል፣ የመያዣውን ገንዘብ የሚያስመልስ ደረሰኝ ይተፋል። ሰዉ ከሥራ ሲወጣ የሳምንቱን ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይሰለፋል። ዕቃ ለመቀባበል ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ እዚህ የሚያስጠረጥረው ከረጢት ያልያዘ ሰው ነው።

ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ከረጢት ይዘዋል።

«ቀኑ?» አለ ሳይዞር።

«አላወቅኩም።»

«አምስት ወር ሙሉ?»

«የኬኩ ቀን ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አይሉም። ብጠይቅ ይነቁብኛል።»

በሚሠሩለት የስለላ ድርጅት ውስጥ መጠሪያው ጥርስ ሐኪሙ ነው። እሱን ልታገኝ ከሥራ በወጣች ቁጥር ጥርሴን ልታከም ነው ስለምትል ስሙ በዚያው ጸና። የእሷ መጠሪያ ድርጭት ነው። ሪኬ ሆልት የሚለውም ቢሆን እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ስሙን፣ የተማረችበትን ትምህርት ቤት፣ የሞተ አባቷን ሳይቀር ሰፍቶ ያለበሳት ድርጅቱ ነው።

ሻንጣ ጫኝ መስላ የተላከችውም ለአንድ ነገር ነው። ስቫለ የተባለው አየር መንገድ የሠራተኞቹን ደመወዝ ሊቀንስ ተነስቷል፤ የካስትሩፕ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኞች ደግሞ ሥራ እናቁም አናቁም እያሉ ይመክራሉ። ውሉ ሳያልቅ አድማ መምታት በሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ አድማ ብሎ የሚጠራ የለም። አንድ ጠዋት ሁሉም ወደ መመገቢያ ክፍል ይገባል፣ ተመልሶም አይወጣም። አየር መንገዱ የዚያን ጠዋት ቀን ማወቅ ይፈልጋል።

ጥርስ ሐኪሙ ከረጢቱን መሬት አስቀመጠ። እሷም የሷን አጠገቡ አስቀመጠች።

«ከሥር ጥቅል አለ» አለ። «ነገ ጠዋት ከእረፍት በፊት ቦዲል ሎከር ውስጥ ትከችዋለሽ። የድብቅ ማዳመጫ መሣሪያ ነው። እንዳትከፍችው።»

ቦዲል የሻንጣ ጫኞቹ ተወካይ ናት።

«ባይመቸኝስ?»

«ይመችሻል። የኦርሁሱ ፊልም አሁንም እኔ ጋ ነው።»

አምና ኦርሁስ ውስጥ የሰው ቢሮ ሰብራ የገባችው እሱ አዟት ነው። ሲያዛት ግን እየቀረጻት እንደነበር አልነገራትም። ፊልሙ ፖሊስ እጅ ከገባ እስር ቤት ትገባለች።

ጎንበስ ብላ ጥቅሉን ከሱ ከረጢት በባዶ እጇ አውጥታ ከራሷ ጠርሙሶች ሥር ሸጎጠችው።

«ሪኬ! አንቺም ጠጪ ነሽ ለካ!»

ቀና አለች።

ፍሌሚንግ ነው። አብሯት ሻንጣ የሚጭን፣ ጢሙ ደረቱን የሚነካ ግዙፍ ሰው። ሁለት ከረጢት ጠርሙስ ተሸክሞ ቆሟል። ጥርስ ሐኪሙ ደረሰኙን ይዞ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄደ፤ እንደማያውቃት። ፍሌሚንግ ዓይኑን ከረጢቷ ላይ ጣለ።

«ነገ ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ» አላት።

እየሳቀ ነው የተናገረው። እሷም ሳቀች። ቤቷ እስክትደርስ ግን የተናገረውን ደጋግማ አሰበችው። ጥቅሉን አይቷል? ነቅተውባት ነው?

ያንን ስታሰላስል ጓንቱ ትዝ አላት። አዳራሹ ሞቃት ነው። ጠርሙስ ደግሞ ያጣብቃል፤ ሰዉ ሁሉ ጓንቱን አውልቆ ነበር። እሱ ብቻ አላወለቀም። ጥቅሉን በባዶ እጅ የነካች እሷ ብቻ ናት።

ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ጠዋት ሎከሮቹ ያሉበት ክፍል ባዶ ነበር። ክፍሉ ከፍተሻው ወዲህ ስለሆነ ማንም አልፈተሻትም። ከረጢቷን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ በሩን ገፋ አደረገች፣ ጥቅሉን ከፈተችው።

ማዳመጫ አይደለም።

አጭር ቢላዋ ነው፣ ከጎኑ ደግሞ የተቆረጠ ወፍራም ጥቁር ቱቦ። ከአውሮፕላን እግር ላይ ነው የተቆረጠው፤ የፍሬን ቱቦ። አምስት ወር ከአውሮፕላን ሥር ስትርመሰመስ የከረመች ሰው አይጠፋትም። ይህ ቦዲል ሎከር ውስጥ ከተገኘ ነገሩ አድማ መሆኑ ይቀራል። አውሮፕላን ሊጥሉ ነበር ይባላል። ስለ ደመወዝ የሚያወራ አይኖርም፣ ቦዲልም ጸሐይ አታይም።

ቦዲል ስልሳ ልትደፍን ምንም አልቀራትም። የአውሮፕላን ሆድ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሻንጣ የሚጫነው በጉልበት ተንበርክኮ ነው፤ የሷ ጉልበት እዚያ ውስጥ አልቋል። ሪኬ ሥራ በገባችበት ቀን የራሷን የጉልበት መከላከያ አውልቃ ያሰረችላት እሷ ናት። የኔ ያው አልቋል፣ ያንቺ ይትረፍ ነበር ያለቻት።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ።

«ገባ?»

የጥርስ ሐኪሙ ድምፅ ቀዝቃዛ ነው። ሪኬ ቱቦውን አየችው። አይ ብትል ፊልሙ አለ። እሺ ብላ ብትከተው ቦዲል አለች።

«ገባ» አለች።

«ቀኑስ?»

«ሰኞ።» ከየት እንዳመጣችው አታውቅም፤ እሱን ከስልኩ ለማባረር ብቻ የተናገረችው ነበር። ዘጋው።

ቀና ስትል በመስታወቱ ውስጥ ቦዲልን አየቻት።

ባዶ የኬክ ቆርቆሮ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሪኬ ቱቦውንና ቢላዋውን ከጀርባዋ ደበቀች።

«እዚህ ነሽ እንዴ? ሕዝቡ ሁሉ ጠረጴዛውን ከቦ ይጠብቅሻል» አለች ቦዲል። «ኬኩስ?»

«የቱ ኬክ?»

ቦዲል ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ።

«ሪኬ፣ ዛሬ ስንት ነው?»

«ኖቬምበር አሥራ...»

አሥራ አራት። ሪኬ ሆልት የተወለደችው ኖቬምበር አሥራ አራት፣ ኤስቢየር ከተማ፣ ከዓሣ አጥማጅ አባት ነው። በቃሏ ሸምድዳዋለች፤ ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት አትሳሳትም ነበር። ግን ማንም አልጠየቃትም። እዚህ አገር ልደቱ የደረሰ ሰው ኬክ አይገዛለትም፤ ራሱ ጋግሮ ለሥራ ባልደረቦቹ ይዞ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ባንዲራ ትቆማለች። የኬኩ ቀን ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ የሃምሳ ሰው ልደት ስታጠና ነው የከረመችው። የራሷን አልቆጠረችም። የራሷ የምትለው እውነተኛው ልደቷ በሜይ ነው።

ቦዲል ወደ ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች።

«ጥርስሽን ልታሳዪ የሄድሽ ቀን ነው የተስማማነው» አለች ቀስ ብላ። «በሪኬ ልደት ይሁን አልን። ኬክ ሊበላ የሚሄደውን ሰው የትኛው አለቃ ይጠረጥራል? እኔ ፍሌሚንግ ነግሯታል ብዬ፣ እሱ እኔ ነግሬያት መስሎት። ደግሞ ማን የራሱን ልደት ይረሳል?»

ሪኬ ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?»

ሪኬ ወደ በሩ አየች።

«ማነሽ አንቺ?»

አምስት ወር ሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ስታዘጋጅ ኖራለች። እጇን ከጀርባዋ አውጥታ ቱቦውንና ቢላዋውን አሳየቻት።

«ሎከርሽ ውስጥ እንድከተው ነው የተሰጠኝ። ማዳመጫ ነው ብለውኝ ነበር። አልከተትኩትም።»

ቦዲል ያየችውን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። ፊቷ አመድ መሰለ።

ኮሪደሩ ላይ የውሻ ጥፍር ተሰማ።

ከዚያ የጫማ ድምፅ። ከዚያ የአንድ ሰው ጥያቄ፣ በትሕትና።

«ሁለት ሎከር ነው የምንፈልገው። አንዱ የቦዲል። ሁለተኛው የሪኬ ሆልት።»

ሁለት ስም!

ሪኬ ግድግዳውን ያዘች። ጥርስ ሐኪሙ እሷንም ሸጧታል። ቦዲል ሎከር ውስጥ ቱቦው፣ ቱቦው ላይ የሪኬ አሻራ። ሁለቱ ሴቶች አብረው ይታሰራሉ፣ ድርጅቱን የሚያውቅ ምስክር አይቀርም። ማልቀስ አማራት፤ እንባው ግን በፍርሃት ደርቋል።

ቦዲል ቆርቆሮውን ከፍታ ዘረጋችላት።

«ክተችው።»

«ቦዲል...»

«ክተችው አልኩሽ። እናንተ ልጆች ኬክ ታቃጥላላችሁ ብዬ መጠባበቂያ ጋግሬ ነበር። ቆርቆሮውን ላጥብ ነው የመጣሁት።» ስሟ እንዳይነበብ የሪኬ ደረት ላይ የተሰካውን መታወቂያ ነቅላ የራሷ ኪስ ውስጥ ጨመረችው። «ላንቺ ስል እንዳይመስልሽ። ውስጥ ላሉት ነው።»

ወጡ።

ሁለት ፖሊሶች ናቸው። ውሻው አፍንጫውን ወደ ቆርቆሮው አዞረ። ሪኬ ቆርቆሮው እንዳይንኳኳ ሆዷ ላይ አስደገፈችው።

«ሪኬ ሆልትን ታውቂያታለሽ?» አላት ወጣቱ ፖሊስ።

ሪኬ ወደ ቦዲል ዞረች።

«ሪኬ ልደቷ ነው፤ መመገቢያ ክፍል ናት» አለች ቦዲል ቀድማ። «ቦዲል እኔ ነኝ። ሎከሬ ያው፣ ክፈተው። ውሻው ከማሽተቱ በፊት ግን ስለ ካልሲዬ አስጠንቅቄሃለሁ። ይቺን ልጅ ልቀቃት፣ ሳህን ልታጥብልን ነው።»

ውሻው ቆርቆሮውን ላሰ።

«ኮኮናት ይወዳል» አለ ትልቁ ፖሊስ፣ አፍሮ። ማሰሪያውን ሳበ።

ሪኬ ተራመደች። እንዳትሮጥ ራሷን ለመነች። በጎን ስታልፍ የመመገቢያው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሰዉ ጢም ብሏል፣ ጠረጴዛው መሐል ትንሿ ባንዲራ ቆማለች። ቦዲል ጠርታት እንደምትገባ አስበው ነው መሰል የልደት መዝሙሩን ጀመሩ። ከሁሉ በላይ የሚያስተጋባው የፍሌሚንግ ድምፅ ነው። ሪኬ፣ ሪኬ እያሉ ዘመሩላት። የሷ ባልሆነ ስም፣ የሷ ባልሆነ ቀን፣ በሕይወቷ እንዲህ የዘመረላት ሰው አልነበረም።

አልገባችም።

ውጭ ዝናብ ነበር። ሻንጣ የጫኑ ጋሪዎች በየቦታቸው ቀጥ ብለዋል፤ የሚነዳቸው የለም። አውሮፕላኖቹ ሆዳቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። አንድ የስቫለ አለቃ ብቻውን በዝናብ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሰዎቹ የት ሄዱ ብሎ ሲጠይቃት ኬክ ላይ ናቸው አለችው። እውነቷን ነው።

አውቶቡስ ይዛ ድራገር ወደብ ወረደች። ቆርቆሮውን ጠጠር ሞልታ ከወደቡ ድልድይ ጫፍ ጣለችው። መስጠሙን እስክታረጋግጥ ቆመች፤ ከዚያ ደወለች።

«ድርጭት ነኝ» አለች። «ቀኑን አግኝቻለሁ።»

«ሰኞ አላልሽኝም?»

«ዛሬ ነው። ሥራዬን ጨርሻለሁ።»

ቀጥሎ ፊልሙን እንደሚያወጣው ታውቃለች። ስልኩን ባሕር ውስጥ ወረወረችው፤ ሳይመሽ ስዊድን ገባች።

ወሬውን የሰማችው ከጋዜጣ ነው። ሻንጣ ጫኞቹ ተቀጡ፤ ቅነሳው ግን ተሰረዘ። ቦዲል ፍርድ ቤቱ በር ላይ ፎቶ ተነስታለች፤ አትስቅም። ከሥሩ አነስ ያለ ዜና ነበር፦ ኦርሁስ ውስጥ ቢሮ የሰበረች ሴት ምስል ወጥቷል፣ የሚያውቃት ካለ ፖሊስ ይፈልጋል። ጋዜጣውን አጥፋ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጉሯ አጭር ነው።

ዬተቦሪ ከተማ ውስጥ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ተቀጠረች። ስሟ አሁን ማሪት ነው። የቀጠረቻት ሴት የልደት ቀኗን ስትጠይቃት ለማሪት የመረጠችው አዲሱ ቀን ምላሷ ላይ ነበር። የድሮ የሐሰት ማንነት ቁራጭ ወደ አዲሱ አይሻገርም፤ በዚህ ስህተት ሰው ይያዛል። ለሌሎች ያስተማረችው እሷው ራሷ ናት።

«ኖቬምበር አሥራ አራት» አለች ግን።

ዓመቱ ዞሮ ቀኑ ሲደርስ የኮኮናት ኬክ ጋግራ ይዛ ሄደች። አንዱ ጠርዝ አሮባታል። ከአንሶላ ክምሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ለብቻዋ ቆማ ጠበቀች።

በሩ ተከፈተ። እጇ ቢላዋው ላይ ቀረ።

ኬክ ሸቷቸው የመጡ ሁለት አጣቢዎች ነበሩ።

«ማን ተወለደ?» አለች አንደኛዋ።

«እኔ» አለች፣ ቆርሳም ሰጠቻቸው።