የማያርፍ እጅ

«እረፊ!» የሚለው ትእዛዝ ገና ዳዴ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ ከእናቷ አፍ ጠፍቶ ስለማያውቅ ቅጽል ስሟ ሆኖ ቀረ። በቤትም እረፊ፣ በሰፈርም እረፊ፣ በመሥሪያ ቤትም እረፊ ናት። ስሙ ግን አንድም ቀን አልሠራላትም። የተዘጋ ሣጥን ካየች ትከፍታለች፤ ቅርፊት ያበጀ ቁስል ካገኘች ትልጣለች፤ የተጣደ ድስት ክዳን በየደቂቃው ታነሣለች። «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ብሎ የሚመክራት ቢኖር፣ «እስከዚያ ድረስማ ጠብሼ እበላዋለሁ» የምትል ዓይነት ናት።

ታዲያ የዚች ልጅ ሥራ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሰዎችን «አትንኩ» እያሉ መምከር! ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው ደንበኞች ይደውላሉ። እረፊ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ «መሣሪያውን ያጥፉት፤ መልሰው ያብሩት፤ ከዚያ መብራቶቹ እስኪረጋጉ ምንም ሳይነኩ ይጠብቁ» ትላቸዋለች። አይጠብቁም። ገመዱን ይነቅላሉ፣ ይሰካሉ፣ እንደገና ይነቅላሉ፤ ከዚያም ባሰበት ብለው ይደውላሉ። «ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ትንሽ መታገሥ የማይችል?» እያለች ትበሳጫለች፤ እንዲህ የምትለው ግን የእስክሪብቶዋን ክዳን እያኘከች ነው።

ማዳመጫው የወንበሩ እንጂ የሰው አልነበረም። የጠዋቱ ተረኛ ሲነሣ የከሰዓቱ ያጠልቀዋል። የጆሮው ስፖንጅ የስንቱን ላብና የፀጉር ቅባት ጠጥቶ ያብለጨልጭ ነበር፤ ልብ ያለው ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ጠዋት አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ መጣች። ጆሮዋ ላይኛው ጠርዝ ላይ ትንሽዬ ሎቲ ታበራለች።

«ይቺን ነገር መቼ ተበሳሻት?»

«ቆየሁ እኮ፤ እስክትድን ነው ያላሳየሁሽ። የበሳችኝ ባለሙያ ናት። ከፈለግሽ ቀጠሮ ልያዝልሽ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ታገኚያለሽ።»

«ሳምንት?» አለች እረፊ፣ ዓመት እንደተባለች ሁሉ።

ከሥራ ስትወጣ እግሯ በቀጥታ የወሰዳት ወደ ለመደችው የፀጉር ቤት ነበር። ፀጉር ሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ሽጉጥ የምትመስል የጆሮ መብሻ አለቻት። የብዙ ሕፃናትን ጆሮ በስታባታለች፤ ለእያንዳንዱ ጆሮ በጥጥ ጠረግ ታደርጋታለች፤ ከዚያ ያለፈ ማጽዳት አታውቅም።

«እቺ ለታችኛው ለለስላሳው አይደለችም እንዴ?» ብላ እረፊ ጠየቀች። ያን ያህል እንኳ መጠየቋ ያስመሰግናታል።

«ጆሮ ጆሮ ነው የኔ ቆንጆ። ቁጭ በይ፤ ዐይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ ያልቃል።»

ቀጭ አለ። አለቀ። ፀጉር ሠሪዋ እጇን በፎጣ እየጠረገች የመጨረሻውን ምክር ጨመረች፦ «ሥጋሽ ላይ እንዳይጣበቅ ጠዋት ማታ አሽከርክሪው።»

ለእረፊ ከዚህ የሚጣፍጥ ምክር ከየት ይመጣል? ዕድሜዋን ሙሉ አትንኪ ስትባል ኖራ አሁን ንኪ ተባለች። ጠዋት ማታ የተባለውን በየጥሪው መሃል አደረገችው።

ቤት ስትገባ ደግሞ ሐኪሙ በዛ። እናቷ የአልኮል ጠርሙስ አምጥታ አፈሰሰችባት። እረፊ ስትዘል፣ «ካቃጠለ ሠራ ማለት ነው» አለቻት። በማግስቱ አክስቷ ሞቅ ያለ ዘይት ይዛ መጣች። «አልኮል ያደርቃል፤ ዘይት ነው የሚያለሰልሰው» ብላ እሷም የድርሻዋን ቀባች። ሁለቱም የሚወዷት ናቸው፤ ክፋት አልነበራቸውም። ክፋት የሌለው ስሕተት ግን ከስሕተትነቱ አይቀንስም።

በመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ እረፊ ሎቲዋን ስታሽከረክር አይታ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ተዪው እንጂ! እኔን ስትበሳኝ እጇን ታጥባ፣ ጓንት አድርጋ፣ የታሸገ አዲስ መርፌ ፊቴ ከፍታ ነው። ጌጡም የማይዝግ፣ ቆዳ የማያስቆጣ ነው። ከዚያ በኋላ እጅሽን ታጥበሽ በጨው ውሃ ከማጽዳት በቀር ጭራሽ አትንኪው ነው ያለችኝ።»

«በቃ? ሌላ ምንም?»

«ምንም።»

«እንግዲያ አንቺን ዕድል ነው ያዳነሽ» አለች እረፊ፣ ሎቲዋን እያዞረች።

ጆሮዋ መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ ሞቀ፤ ከዚያ አበጠ። እሷ ደግሞ ባበጠ ቁጥር አልኮሉን ታበዛለች፣ ዘይቱን ታበዛለች፣ ማሽከርከሩን ታበዛለች። ማዳመጫው ሲጫናት ወደ ሌላኛው ጆሮዋ ታዞረዋለች፤ ያኛው ሲደክማት ደግሞ ትመልሰዋለች። በዚያ ጎን መተኛት አቃታት፤ ጥዝጣዜው ከጆሮዋ ተነሥቶ መንጋጋዋ ውስጥ ገባ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሷ ግን ፀጉሯን አውርዳ ደበቀችው። እናቷ «እንዴት ሆነልሽ?» ስትላት «እየዳነ ነው» ትላለች። እውነቱን ለመናገር ፈርታ ነበር።

አንድ ቀን ሰውነቷ እያተኮሰ ሥራ ገባች። ከደወሉላት ደንበኞች አንዱ ሽማግሌ ነበሩ። መብራቶቹ እስኪረጋጉ እንዲጠብቁ ነግራቸው ነበር፤ ወዲያው ተመልሰው ደወሉ።

«አባባ፣ ምንም እንዳይነኩ ብዬዎት ነበር እኮ» አለች፣ ድምፅዋ እየሰለለ።

«እጄ አላርፍ አለኝ ልጄ። ሳልነካው ከተቀመጥሁ ችላ ያልሁት ይመስለኛል።» ከዚያ ሽማግሌው፣ «ድምፅሽ ግን ምነው? ትንፋሽሽ የበሽተኛ ነው። ሰው የለሽም እዚያ?» አሏት።

የእረፊ እንባ መጣ። ጓደኛዋ ዞር ብላ አየቻትና ማዳመጫውን በቀስታ አነሣችላት። ስፖንጁ ላይ ቢጫ መግል ተለጥፎበታል። የከሰዓቱ ተረኛ ቦርሳውን አስቀምጦ ማዳመጫውን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ነበር። እረፊ እጁን አየች፣ ስፖንጁን አየች፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ያፈረችበት ቀን አልነበረም። «እንዳትነካው!» ብላ ጮኸች።

ጓደኛዋ ደግፋ ሕክምና ቤት ወሰደቻት፤ እናቷም ተደውሎላት እየሮጠች ደረሰች። ሐኪሟ ፀጉሯን ገለጥ አድርጋ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። የሎቲው መያዣ ባበጠው ሥጋ ተውጦ ጠፍቷል።

«ጆሮዬ ይቆረጣል?»

«አይቆረጥም። ግን ስሚኝ» አለች ሐኪሟ። «ታችኛው ለስላሳ ሥጋ ደም በደንብ ስለሚደርሰው ቶሎ ይድናል። ይኼ የላይኛው ግን ቅርጭጭት፣ ልም አጥንት የሚሉት ነው። የራሱ ደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከሸፈነው ስስ ሽፋን ነው። መግሉ መሃል ገብቶ ሲለያያቸው ቅርጭጭቱ ይሞታል፤ የሞተው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። መግሉን አሁን እናወጣዋለን። ቅርጹ እንደ ነበረ ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።»

«እንዳይጣበቅ አሽከርክሪው ስላሉኝ ነው...»

«ባሽከረከርሽው ቁጥር መግጠም የጀመረውን ሥጋ ትቀጂዋለሽ፤ በጣትሽ ያለውንም ቆሻሻ ወደ ውስጥ ታስገቢዋለሽ።»

«እኔም አልኮል አፍስሼበታለሁ» አለች እናቷ ከበሩ አጠገብ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እህቴ ደግሞ ዘይት።»

«አልኮሉ የሚበቅለውን ሥጋም አብሮ ያቃጥለዋል፤ ዘይቱ ቆሻሻ ይሰበስባል። ማመርቀዝ ሲጀምር ያኔውኑ ብትመጡ ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልመጣ።»

ሎቲው ወጣ፤ ቁስሉ ተከፍቶ ታጠበ፣ ታሸገ። ሐኪሟ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘችላትና፣ «ሳታቋርጪ ጨርሺው። በዚያ ጎን አትተኚ። ፋሻውን እኛ እንቀይረዋለን። አንቺ ሌላ ምንም አታድርጊ» አለቻት።

ከታዘዘላት ሁሉ ይህቺ «ምንም» የምትባለው መድኃኒት ከበደቻት። ከፋሻው ሥር ምን እየሆነ እንደሆነ ማየት አልተፈቀደላትም። ጆሮዋ ይተርፍ ይሆን? ተጨማዶ ይቀር ይሆን? የታጠፈውን ልብስ ዘርግታ መልሳ አጠፈች፤ መስኮቱን ከፈተች፤ ዘጋች፤ ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ተመላለሰች። እጇ ሳታዘው ወደ ጆሮዋ ይሄዳል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ትይዘዋለች። የእኒያን ሽማግሌ ቃል አስታወሰች፦ ሳልነካው ከተቀመጥሁ ችላ ያልሁት ይመስለኛል። የእሷም ሕመም ይኸው እንደነበር የዚያን ጊዜ ገባት።

እናቷ እንደ ድሮዋ «እረፊ!» አላለቻትም። የተወሳሰበ የሹራብ ክር ጥቅል አምጥታ ጭኗ ላይ ጣለችላትና፣ «በይ ይኼን ፍቺልኝ» አለቻት። እረፊ ክሩን ስትፈታ ዋለች፤ እናቷም አጠገቧ ተቀምጣ ጠበቀች። አክስቷ የዘይት ብልቃጧን በነጠላዋ ሸፍና ስትመጣ እናቷ በሩ ላይ ተቀበለቻት።

«እትዬ፣ ዘይቱን ለድስትሽ አድርጊው።»

«እንዴ! እኔ እኮ ለልጅቷ ብዬ...»

«እኔም ለእሷ ብዬ ነው አልኮል ያፈሰስሁባት። ቁስሏን አባባስን እንጂ አላዳንንም። ከወደድናት እጃችንን እንሰብስብ።»

አክስቷ አኮረፈች፤ ግን ገብታ ተቀመጠች፣ ከክሩ አንዱን ጫፍ ያዘች።

ፋሻው ለመጨረሻ ጊዜ ሲነሣ እረፊ መስታወት ጠየቀች። ጆሮዋ ተርፏል፤ የላይኛው ጠርዝ ግን ወደ ውስጥ ተጣጥፎ ቀርቷል። አለቀሰች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እሷ ግን ካፈሰሰችው ሁሉንም አልለቀመችም።

ማልቀሷን ስትጨርስ ፀጉሯን ወደ ላይ አስራ ፀጉር ቤቱ ሄደች። አንዲት ተማሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ፀጉር ሠሪዋ ያቺን መብሻ ይዛ ከጆሮዋ በላይ ቆማለች።

«ይኼን አይተሽ ከዚያ ብሺያት» አለች እረፊ ጆሮዋን አዙራ።

ፀጉር ሠሪዋ ደነገጠች። «እኔ ስንቱን በስቻለሁ፣ አንድም ሰው...»

«የተበላሸበት ሰው ፀጉሩን ያወርዳል እንጂ ተመልሶ መጥቶ አያሳይሽም። እኔም ልደብቀው ነበር።»

ተማሪዋ ከወንበሩ ተነሣች። ፀጉር ሠሪዋ መብሻዋን አገላብጣ አየቻት፤ ከዚያ መሳቢያው ውስጥ ሳይሆን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለቻት። «ከእንግዲህ እኔ ፀጉር እንጂ ጆሮ አልነካም» አለች፤ ለተማሪዋም የባለሙያዋን አድራሻ ከእረፊ ተቀብላ ሰጠቻት።

ወገኖቼ፣ ጌጥ አይከለከልም። ጆሮም ሆነ አፍንጫ መበሳት ያማረው ይበሳ። ግን ሥራውን የሚያውቅ፣ እጁን የሚታጠብ፣ ለእናንተ ብሎ አዲስ መርፌ ፊታችሁ የሚከፍት ሰው ፈልጉ፤ ቀጠሮው ቢርቅም ጠብቁ። ከተበሳችሁ በኋላ በንጹህ እጅና በጨው ውሃ ከማጽዳት አትለፉ። ቅርጭጭት ለመዳን ወራት ይፈልጋል፤ ቶሎ ደረቀ ብላችሁ አትታለሉ። ካበጠ፣ ካተኮሰ፣ መግል ከያዘ ግን ሎቲውን በራሳችሁ ሳትነቅሉ ወደ ሐኪም ሩጡ፤ ለቁስል መቸኮል የሚገባው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰው የነካውን ማዳመጫም ሆነ ጉትቻ ሰውነታችሁ ላይ አታድርጉ። በእረፊ መሥሪያ ቤት አሁን እያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ ስፖንጅ አለው፤ አለቃዋን እስኪሰለቻቸው የነዘነዘች እሷ ናት። የማያርፍ ባሕርይ አንዳንዴም ይጠቅማል።

ወደ ሥራ በተመለሰች ሰሞን እኒያ ሽማግሌ ደወሉ። ድምፃቸውን ወዲያው አወቀችው።

«ልጄ፣ አጥፍቼ አብርቼዋለሁ። ቢጫው ብልጭ ድርግም ይላል። ገመዷን ትንሽ ልነካካት?»

«አይንኩ አባባ። ስልኩን አልዘጋም፤ አብሬዎት እጠብቃለሁ።»

ሁለቱም ጠበቁ። የሽማግሌው ትንፋሽ ይሰማታል። የታጠፈው የጆሮዋ ጠርዝ በላብ በላት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በሌላኛው ያዘችው።

«አረንጓዴ ሆነ!» አሉ ሽማግሌው እንደ ልጅ። «ተባረኪ! ምን አድርገሽ አዳንሽው?»

«ምንም አላደረግሁም፣ አባባ» አለች እረፊ። «እርስዎም ምንም አላደረጉም። ለዚህ ነው የዳነው።»