ግንብ ለማየት የወጣው መንገደኛ

ጡረተኛው መምህር ከአሮጌው የከተማ ግንብ ሥር ድንጋይ ላይ ተንጋለው ሞተው ሲገኙ፣ የማታው ባቡር ትኬት በደረት ኪሳቸው ነበር። ባቡር መለወጫ ከተማ ላይ ቀን ለመግደል የወጡ መንገደኛ ናቸው፤ ቀኑ ግን ቀድሟቸዋል።

መርማሪዋ አስከሬኑን አይታ ወደ ግንቡ አናት ወጣች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። ታውቃለች፤ መጥረቢያ ከመባል ይሻላል ባይ ናት። መከታው ከወገቧ በላይ ይደርሳል። እሱን ተደግፎ የቆመ አዲስ ምርኩዝ አገኘች፤ የሱቁ ወረቀት እንኳ ገና አልተላጠም። ቁልቁል ስታይ፣ ከመንገዱ ማዶ የባቡር ጣቢያው በር ወለል ብሎ ይታያል።

«የሚያነክስ ሰው ምርኩዙን አቁሞ እዚህ ላይ አይንጠላጠልም» አለች። «ተገፍተዋል።»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ገፊዋን አግኝቻለሁ ባይ ነበር። ከግንቡ አጠገብ ያለው የመናፈሻ ዘበኛ፣ የሟች ልጅ «ነገ ይህን ካደረግህ አባት የለኝም» ብላ ስትጮህባቸው ሰምቷል። መርፌ ካቴናውን ወደ ኪሱ እንዲመልስ ነግራው ወደ ጣቢያው ሄዱ።

የመንገደኛ ማረፊያው አዳራሽ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የሟች ታናሽ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ በሦስት ሻንጣዎች ተከቦ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። መርዶውን ፖሊሱ ቀደም ብሎ አድርሶለታል። የወንድሙ ልጅ ከእጮኛዋ ጋር ስትገባ ግን ቀና አለ።

«በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ ለብቻው ግንብ ላይ ይወጣል? አንቺስ ዓይንሽ የት ነበር?» አላት።

ልጅቷ ፊቷን አዞረችበት። መርፌም የሰማች አልመሰለችም።

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን እንዴት እንዳሳለፉት ስትናገር ድምጿ ደረቅ ነበር። ጠዋት ከባቡር ሲወርዱ የዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ለጥገና ተዘግቷል። አጎቷ ከተማ በመኪና መስኮት አይቶ እንደጠገበ ተናግሮ ዕቃ ሊጠብቅ ቀረ። ሦስቱ መጀመሪያ ሙዚየም ገቡ፤ እዚያ አባቷ ደረጃ ስተው ቁርጭምጭሚታቸው ዞረ። በር ላይ ካለው ሱቅ ምርኩዝ ገዝተው፣ ሦስተኛ እግር አወጣሁ እያሉ ሲያስቋቸው ነበር። ከዚያ መናፈሻው ውስጥ ተጣሉ። እሷ ሳር ላይ ቀረች፤ እሳቸው ተናደው ወደ ግንቡ ወጡ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«የቤት ጉዳይ ነው» አለችና ከቀሚሷ ጠርዝ የወጣውን ክር ጣቷ ላይ መጠምጠም ጀመረች። ፖሊሱ ካቴናውን እንደገና አወጣ።

እጮኛዋ ጸጉር አስተካካይ ነው። ውሃ ልገዛ ሄጄ ነበር አለ፤ ያየው ሰው ግን የለም።

«የኔ እመቤት፣ ቀኑን ሙሉ ምላጭ ይዤ ሰው አንገት ላይ ቆሜ ነው የምውለው። አማቴን መግደል ብፈልግ ግንብ ድረስ ምን አደከመኝ?»

«ይህን ቀልድ ለዳኛ አትንገረው» አለችው መርፌ።

የሹፌሩ መልስ አጭር ነበር። ከወንበሩ አልተነሳም፤ ሽንት ቤት እንኳ አልሄደም፤ ዕቃ ጥሎ ማን ይሄዳል?

መርፌ ሁሉንም ሻንጣዎቹ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ወለሉ ሲታጠብ ዕቃውን ምን አደረጉት?» ስትል ሹፌሩን ጠየቀችው።

ሹፌሩ ወደ ወለሉ አየት አደረገ። «አነሳሁታ። ወንበር ላይ ጭኜ ሲደርቅ መለስኩት። ይህም ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም።» ወደ ጸጉር አስተካካዩ ዞረች። «ጥቁሩን ሻንጣ አንሳው።»

አነሳው። ዙሪያው ያለው ወለል ያብረቀርቃል። ሻንጣው የነበረበት ቦታ ግን በሻንጣው ልክ ተቆርጦ የቀረ ይመስል አቧራ ነው፤ የተጨፈለቀ የሲጋራ ቁራጭ አለበት፤ ጠርዙ ላይ የሳሙና አረፋ ደርቋል። ሌሎቹን ሁለቱንም አስነሳች። ከሥራቸው ያው ነው።

«አጣቢዋ የሚያነሳላት ባለቤት ስታጣ ዙሪያውን አጥባ አልፋለች» አለች መርፌ። «እርስዎ እዚህ አልነበሩም። የት እንደነበሩም ራስዎ ነግረውናል። ወንድምዎ ጠዋት ከዚህ ሲወጡ ደህና ይራመዱ ነበር። ምርኩዝ የያዙት ከሙዚየሙ በኋላ ነው፤ እርስዎ ግን ቅድም ‹በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ› አሉ።» ወደ ፖሊሱ ዞረች። «ስለ ምርኩዙ ነግረኸው ነበር?»

«ከግንብ ወድቀው ሞቱ ከማለት በቀር ትንፍሽ አላልኩም፣ አለቃ።»

«ስለዚህ ምርኩዙን እጃቸው ላይ አይተውታል። የሚቀረው ምክንያቱ ነው፤ እሱ ደግሞ አንቺ ጋ ነው» አለቻት ልጅቷን። «የጠባችሁን ምክንያት ደብቀሽ ስትሸፍኝለት ቆየሽ። እሱ ግን ካቴናው ወዳንቺ ሲመጣ እያየ አፉን አልከፈተም።»

ልጅቷ አጎቷን አየችው። ክሩ ጣቷ ላይ ተበጠሰ።

«ልጄ…» አለ።

«ዝም በል» አለችው። እንዲህ ብላው አታውቅም።

ከዚያ ተናገረች። ሹፌሩ አንዲት ሴት ገጭቶ ገድሏል። መሪውን የያዘው ረዳቴ ነው ብሎ ምስኪኑን አሳስሮታል። እውነቱን ለወንድሙ ብቻ ነግሮት ነበር፤ አባቷ ደግሞ ዛሬ መናፈሻው ውስጥ ለእሷ ነገሯት። ነገ ፍርድ ይሰጣል፤ መምህሩ ቆመው ሊመሰክሩ፣ ወንድማቸውንም ራስህ ተናገር ብለው ይዘውት እየሄዱ ነበር። መናፈሻው ውስጥ የጮኸችው አጎቴን አታሳስረው ብላ ነው።

ሹፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ከጣቢያው በር ሆኜ ብቻውን ቆሞ አየሁት። ልገፋው አልነበረም የሄድኩት፤ ልለምነው ነው። ‹ነገ እናገራለሁ› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ።»

ፖሊሱ ሲወስደው ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

የባቡሩ ጥሪ ተሰማ። ጸጉር አስተካካዩ ዕቃውን ወደ ውጭ ማውጣት ሲጀምር ልጅቷ ትንሹን ሻንጣ ከእጁ ተቀበለችው።

«አንተ ከአባዬ ጋር ቅር» አለችው። «እኔ እሄዳለሁ።»

«ሳይቀበሩ?»

«አባዬ ይጠብቀኛል። የዚያ የታሰረ ልጅ ፍርድ ግን አይጠብቀኝም።»

መርፌ እስከ ባቡሩ ደረጃ ሸኘቻት። ለፍርድ ቤቱ እደውላለሁ፣ ስልክ ግን አይመሰክርም አለቻት። ልጅቷ የበሩን እጀታ ይዛ ዞረች።

«ዳኛው ፊት ምን ብዬ ልጀምር?»

«ከአጎትሽ ስም ጀምሪ» አለች መርፌ።