ከቀለሙ ሥር

መብራቱ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ሰገነት ትራክተሩ ሥር በጀርባዋ ተኝታ ላሜራውን በጉጠት ይዛ ነበር። የብየዳው ማሽን ጸጥ አለ። ታላቅ ወንድሟ ስጦታው ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፋ።

«ኧረ በሰማዕቱ! አሁን?»

የቢቸና መብራት ክፉ እንግዳ ነው፤ ሲሄድ አይሰናበትም።

ትራክተሩን አባታቸው ቢያድግልኝ ከሞጣ ሲገዛው ያኔም አሮጌ ነበር። ሁለቱ የፊት ጎማዎቹ አፍንጫው ሥር ተጣብቀው የቆሙ ስለነበሩ ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል፤ ተዳፋት ላይ ግን ለመውደቅ ሰበብ ይፈልጋል። አምና የወንዙ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ የአጎታቸውን የፈረደን እግር ሰበረ። ፈረደ ዛሬም ያነክሳል። ስለዚህ ዘንድሮ ቢያድግልኝ ሞጣ ተመልሶ ከተጣለ ሌላ ትራክተር ላይ ሰፊ የፊት አክስል አስፈትቶ መጣ። ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አራርቆ የሚይዝ ረጅም ብረት ነው።

አክስሉ የሌላ ትራክተር ነውና ከዚህኛው ጋር አልገጥም አለ። መሃል ላይ ወፍራም ላሜራ መበየድ ግድ ሆነ፤ የትራክተሩ የፊት ክብደት ሁሉ የሚያርፈውም እሱ ላይ ነው። ሥራው ለስጦታው ተሰጠ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወደቀ ወዲህ ሰፈሩ «ሥራ ፈት» ሲለው ከርሟል። ብየዳ ተምሮ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው ይህ ነበር።

ሰገነት የስልኳን መብራት አበራች። የላሜራው የፊት ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ተበይዷል። የኋላው ግን እዚህም እዚያም በነጥብ ብቻ ተይዟል፤ በነጥቦቹ መካከል ክፍተቱ በግልጽ ይታያል።

አባታቸው ከበሩ ብቅ አለ። ማግስቱ የሚያዝያ ጊዮርጊስ ነው። በዚህ ቤት የዋዜማው ደወል ከተደወለ በኋላ ብረት የሚነካ ሰው የለም።

«ደወሉ ሊደወል ነው። ጨረስህ?»

ስጦታው ጭንብሉን አወለቀ። «ጨርሻለሁ» አለ።

«ተመስገን! እጅህ ይባረክ ልጄ። በሉ ቶሎ ቀለሟን ቀቡና ታጠቡ።»

አባታቸው ዘወር እንዳለ ሰገነት ከትራክተሩ ሥር ወጣች።

«ለምን ዋሸኸው?»

«ላሽ በይው በቃ። ነገ በዓል ነው፣ ማን ያርሳል? ከነገ ወዲያ መብራት ሲመጣ እጨርሰዋለሁ። እስከዚያ ንቅንቅ አይልም።»

ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ ዘረጋላት። ሰገነትን አሳዘናት፣ ተቀበለችው። ቀይ ቀለሙ ብየዳውንም ክፍተቱንም እኩል ሸፈነው።

ስጦታው አልተሳሳተም፤ በጊዮርጊስ ቀን ማንም አያርስም። የረሳው፣ ሰው ወደ ንግሥ ማድረስ እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ጽድቅ የሚቆጠር መሆኑን ነው።

ጠዋት ሰገነት ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ ተሳቢው ከትራክተሩ ኋላ ታስሯል። የሰፈሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ነጭ በነጭ ለብሰው ተጭነዋል። እማሆይ ወለተ ኢየሱስ መቋሚያቸውን አቅፈው መሃል ተቀምጠዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ ነው፤ መንገዱም ያው የአምናው ቁልቁለት ነው፣ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ድንጋይ።

አጎቷ ፈረደ አዲሱን አክስል በዱላው መታ መታ አደረገ። «አሁን እንደ ሰው እግሩን ዘርግቶ ቆመ። ግን ቢያድግልኝ፣ ባንድ ቀን አለቀ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ከፈራህ ቅር» አለ አባቷ እየሳቀ። «እኔ በልጄ እጅ እተማመናለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ፈረደም እየሳቀ ተሳቢው ላይ ወጣ። ስጦታው ብቻ አልሳቀም።

ሞተሩ ተነሳ። ትራክተሩ ከግቢው ወጥቶ በሩ ላይ ያለችውን ጉብታ ተሻገረና የቀሩትን ለመጫን ቆመ። ሰገነት ጫማዋን የምታስር መስላ ጎንበስ አለች። በላሜራው የኋላ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ ግን ትናንት አልነበረም።

ስጦታውን በክንዱ ይዛ ወደ አጥሩ ጎተተችው።

«ተሰንጥቋል። ንገረው።»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?» ከንፈሩ ደርቋል። «ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ይይዛል።»

«ካልያዘስ?»

ስጦታው ተሳቢውን አየ፣ እማሆይን አየ፣ አባቱን አየ። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለ። ክንዱን አስለቅቆ ሄደና ከኋላ ጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ፣ ከአባቱ ጎን ተቀመጠ።

ሰገነትን ከስንጥቁ ይልቅ ይህ አስፈራት። እንደማይይዝ ያውቃል ማለት ነው። ከማፈር አብሮ መውደቅን መርጧል።

ብትናገር ደግሞ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ንግሡ ሳያልቅ ቢቸናን ያዳርሳል፣ ስጦታውም ከዚያ በኋላ ብየዳ የሚሰጠው ሰው አያገኝም። እሷንም ምናልባት ዕድሜ ልኩን ይቅር አይላትም። ከልጅነቷ ጀምሮ በትከሻው ወንዝ ያሻገራት ወንድሟ ነው።

«ነይ ውጪ እንጂ!» አባቷ እጁን ዘረጋላት። «ቅዳሴው ሊያልቅብን ነው።»

ስጦታው ዓይኗን እያየ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። ተይ ማለቱ ነበር።

ሰገነት የአባቷን እጅ አልያዘችም። በትራክተሩ ጎን አልፋ ሄደችና ፊት ለፊቱ፣ ተራርቀው በቆሙት ሁለት ጎማዎች መካከል ቆመች። የሞተሩ ሙቀት ፊቷን ገረፋት።

«አባ» አለች።

ድምፅዋ ከሞተሩ በላይ አልወጣም። ስጦታው ግን ከንፈሯን አይቶ አንገቱን ደፋ።

ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጥ አድርጋ ደግማ ጮኸች።

«አባ! ሞተሩን አጥፋውና ውረድ!»