የኦቦ ቶላ ገበጣ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ዛሬም አምናለሁ ለማለት አፌን ይይዘኛል፣ ከአምቦ ጌዶ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ተሳፋሪ ስለ ዛርና ስለ ሙት መንፈስ የሚያወራውን ሁሉ ቢያምን ኖሮ መሪውን ለቆ ገዳም ይገባ ነበር፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ ይህን የማጫውትህ እንድታምነኝ ብዬ ሳይሆን ለማን እንደምነግረው ስለቸገረኝ ነው።

መቼም ሰው አንድ ሱስ አያጣም፣ የእኔ አሮጌ የእንጨት ሥራ መሰብሰብ ነው። በርጩማ፣ ገበቴ፣ ሽማግሌዎች አንገታቸውን የሚያሳርፉበት የእንጨት ትራስ፣ ብቻ በእጅ የተጠረበና ዕድሜ የጠገበ ነገር ካየሁ መኪና አቁሜ እወርዳለሁ። ሚስቴ አስቴር "ሰው ቤት ሶፋ ይገባል፣ እኛ ቤት ማገዶ" እያለች ብትስቅብኝም የኋላውን ክፍል ለቃልኛለች። ደግሞ አሮጌ የሚመስል ሁሉ አሮጌ አይደለም፣ ጭስ ጠጥቶ፣ ዘይት ተቀብቶ ባንዴ "የጥንት" የሚሆን ሞልቷል፣ እውነተኛው ግን የሚለሰልሰው እጅ በሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው፣ እጅ በማይደርስበት የመጥረቢያው ምልክት እንዳለ ይቀራል።

ገበጣውን ያገኘሁት ጌዶ ነው። ኦቦ ቶላ የሚባሉ ሽማግሌ ከታላቅ ወንድማቸው ከኦቦ ፈይሳ ጋር ከሰዓት በኋላ በደጃፋቸው ሲጫወቱበት በመንገድ ሳልፍ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ኦቦ ፈይሳ የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ልወጣ ስል፣ ኦቦ ቶላ ራሳቸው አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

"ውሰድልኝ ልጄ፣ ባዶውን ማየት አልቻልኩም" አሉኝ።

ዋንዛ ነው፣ ጉድጓዶቹ ከጣት ብዛት እንደ ዕንቁላል ቅርፊት የለሰለሱ፣ አንደኛው ወገን ተሰንጥቆ በቀጭን ሽቦ የተሰፋ። ውሃ አላስነካሁትም፣ ውሃ አሮጌ እንጨት ያሳብጣል፣ ፀሐይም ይሰነጥቀዋል፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፌ፣ ነቀዝ በበሳው ቀዳዳ ሁሉ መድኃኒት ጨምሬ፣ ጥላ ላይ አድርቄ በሰም አሸሁት። ከዚያ ሽቦ ያለበትን ወገን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና፣ ለጌጥ ያህል ከሁሉቃ ወንዝ የለቀምኳቸውን ጠጠሮች በየጉድጓዱ እኩል እኩል አደረግሁበት።

ክረምት ነው፣ የመጫን ተራ ያልደረሰኝ ቀን፣ ምሳ በልተን አስቴር ልብስ ትተኩሳለች፣ እኔ ሬዲዮ እሰማለሁ፣ ከኋላው ክፍል ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ።

"ጣራው ማፍሰስ ጀመረ" አለችኝ።

ሄጄ ቀና ብዬ አየሁ፣ ጣራው ደረቅ ነው። አይጥ ይሆናል ብዬ ልመለስ ስል ዓይኔ ገበጣው ላይ አረፈ፣ በግድግዳው ወገን አንዱ ጉድጓድ ባዶ ሆኗል፣ ጠጠሮቹ በቀጣዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ ተጨምረዋል። ጨዋታ ተከፍቷል ማለት ነው።

"አስቱ፣ ገበጣውን ነክተሻል?"

"ያንተን ማገዶ ምን ብዬ ነው የምነካው?"

እመነኝ፣ በጠረጴዛውና በግድግዳው መሃል መዳፍ እንኳ አይገባም። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፣ ከእኔ ወገን አንዱን ጉድጓድ ዘግኜ አዞርኩና በሩን ዘጋሁ። ሌላ ቀን ቤት ስውል፣ ያው ከሰዓት በኋላ፣ መልሱ መጣ።

እንዲህ እያልን ክረምቱ ተጋመሰ። አልፈራሁም ብልህ ታምነኛለህ? ዝግ ያለ እጅ ነው፣ ጠጠሯን አይጥላትም፣ ያኖራታል፣ ድምፁን ስትሰማ ሆድህ ይባባል። አስቴር መጀመሪያ "ጠበል ካልተረጨ" ብላ ነበር፣ ኋላ ግን እሷም "ኦቦ ፈይሳ ናቸው፣ ምስኪን፣ ወንድማቸውን ፍለጋ መጥተው" እያለች በዚያ በር ስታልፍ ኮቴዋን ማለስለስ ጀመረች።

መስከረም ሲጠባ አላስችል አለኝና፣ ጌዶ ተሳፋሪ አውርጄ ኦቦ ቶላ ቤት ገባሁ። ልጃቸው ጫልቱ ወንበር አቀረበችልኝ።

"አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ቶላ?"

"ደህና ነኝ ልጄ፣ ታኢ፣ ተቀመጥ።"

"አባቴ፣ ወንድምዎ በየትኛው ወገን ነበር የሚጫወቱት? ሽቦ ባለው?"

"ሽቦ ያለው የኔ ነው፣ የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ምነው?"

በግድግዳው ወገን ሲጫወት የከረመው የሟቹ እጅ አልነበረም ማለት ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልሳቁም፣ አልደነገጡም። ወንድማቸው ከሞቱ ወዲህ ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ ያው ሕልም እንደሚመጣባቸው፣ ገበጣ እንደሚጫወቱ፣ ከፊታቸው የተቀመጠው ሰው ፊቱ እንደማይታያቸው፣ እጁ ብቻ እንደሚታያቸው ነገሩኝ። ከዚያ ቀኝ እጄን ሳቡና፣ ጎማ ስቀይር ክሪክ አምልጦ የሰበረውን፣ ተጣሞ የቀረውን ትንሿን ጣቴን ዳበሱ።

"ኤዬ፣" አሉ፣ "አዎ፣ ይሄ እጅ ነው።"

"ገበጣውን ልመልስልዎት።"

"ብትመልሰው ከማን ጋር ልጫወት?"

ከዚያ በኋላ እንደ ቀጠሮ ያዝኩት፣ እሳቸውም ጌዶ ሲያገኙኝ "ባለፈው እንደ ወንድሜ ጠጠር እየወረወርክ ቸኮልክ" ብለው ይስቁብኝ ነበር፣ ጫልቱም አባቷ ምግብ መብላት እንደጀመሩ ነገረችኝ።

በቅርቡ ግን ኮንትራት ተይዤ ባኮ ሰነበትኩ፣ አስቴርም እህቷን ልትጠይቅ ጊንጪ ሄዳ ቤቱ ተቆልፎ ነበር። ስመለስ የውጭውን በር ገና ስከፍት ድምፁ መጣ፣ ያ የማውቀው፣ ዝግ ያለው፣ አበቃ፣ ከዚያ ለትንፋሽ እንኳ ሳይቆይ ሌላ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ፈጣን፣ ጠጠር ወርወር የሚያደርግ። ሮጬ ገባሁ። ማንም የለም፣ በእኔ ወገን ያለው ጉድጓድ ግን ተዘግኖ ዞሯል። ተራዬን ሌላ ሰው ተጫውቶታል።

ወዲያው ጌዶ ደወልኩ።

"ጫልቱ፣ አባትሽ ደህና ናቸው?"

"ተኝተዋል ጋሼ። በእንቅልፋቸው ይስቃሉ፣ እንዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ምነው፣ ልቀስቅሳቸው?"

ከጀርባዬ ጠጠር ቀጭ አለች።

"ተያቸው" አልኳት።

ኦቦ ቶላ አሁንም አሉ፣ ተመስገን፣ ግን እንቅልፋቸው እየረዘመ ነው ትላለች ጫልቱ፣ ደጋግማ ካልጠራቻቸው አይሰሙም፣ ሲነቁ ደግሞ ፊታቸው ከሰርግ ቤት የተመለሰ ሰው ፊት ነው። እኔን ሲያገኙኝ ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ስለ ጨዋታው ግን አያነሱም። አስቴር አንድ ቀን "ጠጠሮቹን ሰብስባቸው፣ ሰውየው ይመለሱ" ትለኛለች፣ ሌላ ቀን "ተዋቸው፣ ደስ ብሏቸዋል" ትለኛለች።

ትናንት ጠጠሮቹን ልሰበስብ ቆርጬ ገባሁ። ፀጥ ብሏል። የእኔ ከነበረው ወገን አንዷን ጠጠር አነሳሁ፣ እመነኝ፣ አሁን ከሰው መዳፍ እንደወጣች ሞቃለች። ቀስ ብዬ ቦታዋ መለስኳትና "ይቅርታ" ብዬ ወጣሁ፣ ለማን እንዳልኩ ግን እስካሁን አላውቅም።